በ300 ፓውንድ 12 ቀን በለንደን፦ ለደሴዋ መምህርት

ጥያቄ፦

«ደሴ ከተማ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህርት ነኝ። ያሳደግሁት ታናሽ ወንድሜ ለንደን ከገባ ዓመታት ተቆጥረዋል። በመጪው ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቲኬት ቆርጦ ለ12 ቀን ሊወስደኝ አስቧል፤ የቪዛውንም ጉዳይ ጀምረነዋል። የማርፈው እሱ ዘንድ ነው። ቤቱ ከመሃል ከተማ የራቀ ባለ አንድ መኝታ ሲሆን፣ ሥራውም በሰዓት የሚከፈል ነው። እኔ በዕቁብ ያጠራቀምሁት ሲመነዘር ቢበዛ 300 ፓውንድ ገደማ ነው። ለንደን ውድ ከተማ ናት ሲባል እሰማለሁና ሸክም እንዳልሆንበት ፈራሁ። በዚህ ገንዘብ ምን ማየት፣ ምን መብላት እችላለሁ? ሐላል ምግብስ ይገኛል? ጎረቤትና ዘመድ ከአሁኑ ጫማና ስልክ ማዘዝ ጀምሯል፤ ባዶ እጄን ብመለስ ምን ይሉኛል?»
ከሰኞ ገበያ፣ ደሴ

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣ በመጀመሪያ አብሽሩ። 300 ፓውንድ ለንደን ውስጥ ሆቴል ለሚያድር ሰው ከጥቂት ሌሊት አያልፍም፤ የእርስዎ ጉዳይ ግን ከዚህ የተለየ ነው። የዚያች ከተማ ውድነት ከሁሉ በላይ የሚከብደው በማደሪያ ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ በወንድምዎ ቤት ቀርቶልዎታል። የሚቀረው ወጪ ትራንስፖርት፣ ከቤት ውጭ የሚበላ ምግብና የመግቢያ ክፍያ ነው፤ ከሦስቱም የመግቢያ ክፍያው እስከ ዜሮ ሊወርድ ይችላል። ደብዳቤዎን ደጋግሜ ሳነበው ገንዘብዎን ሊጨርሰው የሚችለው ለንደን ሳይሆን ይሉኝታ ሆኖ አገኘሁት። ይሉኝታውም የሚመጣው በሁለት በኩል ነው፤ አንዱ በወንድምዎ፣ ሌላው በሰፈርዎ። ስለዚህ ከከተማዋ አስቀድሜ ስለ ሁለቱ ልጻፍልዎት።

ወንድምዎ በሰዓት የሚከፈለው ሠራተኛ ነው ብለዋል። እንዲህ ከሆነ እርስዎን ለማዞር ከሥራ የሚቀርበት እያንዳንዱ ቀን ከገቢው ላይ ሊጎድል ይችላል፤ ይህን ደግሞ እሱ በአፉ አይነግርዎትም። ያሳደገችው እህቱ መጥታ ምግብ ቤት ካልጋበዝኋት፣ ታክሲ ካልያዝሁላት ብሎ ራሱን ሲጎዳ፣ እርስዎም እንዳይከፋው ብለው ዝም ሲሉ፣ ሁለታችሁም ተከባብራችሁ ሁለታችሁም ትከስራላችሁ። ከዚህ የሚያወጣችሁ ቲኬቱ ከመቆረጡ በፊት በስልክ የሚደረግ አንድ ግልጽ ንግግር ነው። ታላቅ ነዎትና ሊያዙት ይችላሉ። «ይዤ የምመጣው ይህን ያህል ነው። በሥራ ቀንህ ሥራህን ትሠራለህ፣ እኔ ብቻዬን እዞራለሁ፤ በዕረፍት ቀንህ አብረን እንወጣለን። እራት ቤት እንበላለን፣ የማበስለውም እኔ ነኝ» ይበሉት። እንዲህ ያለውን ነገር ታናሽ ለታላቁ ቢያነሳው እንግዳ ያልፈለገ ያስመስለዋል፤ ስለዚህ መጀመር ያለብዎት እርስዎ ነዎት። እርግጠኛ ነኝ፣ ይህን ሲሰማ ከትከሻው ላይ ሸክም ይወርድለታል።

የማበስለው እኔ ነኝ ካሉ ዘንድ ሻንጣዎ ብዙ ወጪ ሊሸፍን ይችላል። ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽና ተቆልቶ የተፈጨ ቡና ይያዙ። ቡናውን ቆልተው ይሂዱ የምልዎት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በዚያ አገር ቤቶች ጣሪያ ላይ የሚለጠፈው የጭስ ማስጠንቀቂያ እንኳን ለቡና ቁሌት ለሽንኩርት ቁሌትም ሊጮህ ይችላል። ቅቤ፣ ቋንጣና አይብ ግን ፈጽሞ አይያዙ። ብሪታንያ መንገደኛ ከአገራችን ይዞ የሚመጣውን ሥጋና የወተት ውጤት አታስገባም፤ የተነጠረ ቅቤም ከዚሁ ይቆጠራልና አየር ማረፊያ ላይ ይወሰድብዎታል። በምትኩ ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ አብሽና እርድ በየትንንሽ ላስቲክ አድርገው ይውሰዱ፤ እዚያ ሱፐርማርኬት ውስጥ ጨው የሌለበት ቅቤ ገዝተው፣ በለስላሳ እሳት አቅልጠው፣ አረፋውን እየገፈፉ ቢያነጥሩት ወንድምዎ ለዓመታት የናፈቀውን የእናቱን ጓዳ ሽታ እዚያው ቤቱ ውስጥ ያገኘዋል። ከማንኛውም የምግብ ቤት ግብዣ የሚበልጥ ስጦታ ይኸው ነው፤ ወጪውም ጥቂት ፓውንድ ብቻ ነው።

ስለ ሻንጣ ካነሳሁ አይቀር፣ «ይህችን ብቻ አድርሺልኝ» እየተባለ የሚሰጥዎትን የታሸገ ዕቃ ሳይከፍቱና ሳያዩ አይቀበሉ። በተለይ ጫት በብሪታንያ ከሰኔ 2006 ዓ.ም. ጀምሮ የተከለከለ ዕፅ ሆኗል፤ ይዞ መገኘትም ያስጠይቃል። እኛ አገር በየመንገዱ የሚሸጥ ነገር ስለሆነ ላኪው ክፋት አስቦ ላይሆን ይችላል፤ ለንደን ሂዝሮው አየር ማረፊያ ላይ ተጠያቂው ግን ዕቃው በሻንጣው ውስጥ የተገኘበት ሰው ነው።

አሁን ወደ ጎረቤትና ወደ ዘመድ ልምጣ። ጫማና ስልክ የሚያዝዝዎት ሰው ክፉ አይደለም፤ ለንደን የደረሰ ሁሉ ገንዘብ የሚያገኝ መስሎት ነው። ነገሩን ሳይቃጠል በቅጠል ማለት የሚቻለው አሁን ነው። ዛሬ «እሺ፣ አያለሁ» ብለው አልፈው በኋላ ሳያመጡ ቢቀሩ ቅያሜ ይሆናል፤ ዛሬ «የምሄደው ወንድሜን ልጠይቅ ነው፣ ቲኬቱም የእሱ ነው፣ ስልክም ጫማም ማምጣት አልችልም» ቢሉ ግን ወሬው በሳምንት ውስጥ ይበርዳል። ገንዘቡን አስቀድሞ ሰጥቶ ግዙልኝ የሚል ሰው ቢመጣም በትሕትና ይመልሱለት፤ ቁጥሩና ቀለሙ ሳይስማማ ሲቀር የሚተርፈው ጠብ ነው። ለልጆችዎ፣ ለቅርብ ዘመድና ለአንዳንድ አዛውንት ትንሽ ትንሽ ነገር መያዝ ግን ወጋችን ነውና እሱን አልከለክልዎትም። ለዚህ 70 ፓውንድ ይመድቡ። 50ውን ለአሥር ሰው እያንዳንዱ በ5 ፓውንድ ቢያካፍሉት ሻርፕ፣ ካልሲ፣ ቸኮሌት ይገዛል፤ ለልጆችዎም 20 ይተርፋል። በጎ አድራጎት ድርጅቶች የሚያካሂዷቸው የልባሽ ሱቆች በየሰፈሩ አሉ፤ ብዙ ያልተለበሰ ሹራብና ካፖርት በጥቂት ፓውንድ ይገኝባቸዋል። ግዢውን ግን ለመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ያቆዩት። በመጀመሪያው ሳምንት ገበያ የገባ ሰው በሁለተኛው የአውቶቡስ ሒሳብ ያጥረዋል።

የቀረውን 230 ፓውንድ እኔ እንዲህ እከፍለው ነበር፦ 100 ለትራንስፖርት፣ 80 ከቤት ውጭ ለሚበላ ምግብ፣ 50 ደግሞ ለድንገተኛ ነገር የማይነካ። ክፍፍሉን ደሴ እያሉ ይጨርሱት። እዚያ ከደረሱ በኋላ ግን እያንዳንዱን ዋጋ ወደ ብር አይመንዝሩ። አንድ ስኒ ሻይ ስንት ብር እንደሚመጣ ባሰሉ ቁጥር ልብዎ ይደነግጣል፤ የደነገጠ ሰው ደግሞ ወይ ሲራብ ይውላል፣ ወይ ተስፋ ቆርጦ እንደ መጣ ያወጣል። የቀኑን ፓውንድ ቆጥረው ይውጡ፣ በፓውንድ ብቻ ያስቡ።

ገንዘቡን ከባንክ የሚገዙት ፓስፖርትዎን፣ ቪዛዎንና ቲኬትዎን ይዘው በመቅረብ ነው። ከጥሬ ገንዘቡ ሌላ በውጭ አገር የሚሠራ ካርድ ባንክዎ እንዳለው ይጠይቁ፤ ለንደን ውስጥ ጥሬ ገንዘብ የማይቀበል ሱቅና ካፌ እየበዛ ነው። በካርድ ሲከፍሉ ወይም ከማሽን ሲያወጡ «በአገርዎ ገንዘብ ይሁን ወይስ በፓውንድ?» የሚል ጥያቄ ከመጣ በፓውንድ የሚለውን ይምረጡ፤ የፊተኛው ምንዛሪ ለእርስዎ ኪሳራ ነው።

ትራንስፖርቱን ካወቁበት 100 ፓውንዱ ይተርፋል። የለንደን አውቶቡሶች በጥሬ ገንዘብ ማሳፈር ካቆሙ ከ10 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ሁሉም የሚከፍለው ካርድ በማስነካት ነው። ኦይስተር የሚባለውን የጉዞ ካርድ ወንድምዎ ትርፍ ካለው ያውስዎት፣ በእሱም ላይ ሒሳብ ይሙሉ። እ.ኤ.አ. በ2025 የአንድ የአውቶቡስ ጉዞ ዋጋ 1.75 ፓውንድ ነበር። ካርዱን ካስነኩበት ጊዜ ጀምሮ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሌላ አውቶቡስ ቢቀይሩ ተጨማሪ አይከፍሉም፤ ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ብቻ ቢመላለሱም በዚያ ዋጋ ከ5.25 ፓውንድ በላይ አይቆረጥብዎትም። በ12 ቀን ቢሰላ 63 ፓውንድ ነው። ቀሪው 37 ለአየር ማረፊያ መሄጃና መመለሻ፣ እንዲሁም አንዳንድ ቀን በባቡር ለመሄድ ይሆናል። የምድር ውስጡ ባቡር ይፈጥናል፤ ነገር ግን ዋጋው እንደ ርቀቱ ስለሚጨምር እንደ ወንድምዎ ከመሃል ርቆ ለሚኖር ሰው ይወደዳል። የአውቶቡሱ ዋጋ ግን የትም ቢሳፈሩ አንድ ነው። እርስዎ በዕረፍት ላይ ነዎትና ጊዜ አይገድድዎትም፤ ፎቅ ባለው አውቶቡስ ላይኛው ክፍል የፊት ወንበር ይዘው ሲሄዱም ጉዞው ራሱ ጉብኝት ነው። ባቡር የሚይዙ ከሆነ ከሰኞ እስከ ዓርብ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል፣ ከቀኑም ከ10 እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ያለውን የሠራተኛ ግፊያ ያሳልፉ፤ በብዙው መስመር ዋጋው በዚያ ሰዓት ከፍ ይላል። ባቡር ላይ ሲገቡም ሲወጡም ካርዱን ማስነካት እንዳይረሱ፤ ሳያስነኩ የወጡ እንደሆነ ከፍተኛው ዋጋ ይቆረጥብዎታል። አውቶቡስ ላይ ግን ሲገቡ ብቻ ነው። ከሂዝሮው ሲወጡም ፈጣኑን ልዩ ባቡር ትተው ፒካዲሊ በሚባለው የምድር ውስጥ ባቡር መስመር ይሂዱ፤ ወደ አንድ ሰዓት ገደማ ቢፈጅም ዋጋው በብዙ ይቀንሳል።

ምን ማየት እችላለሁ ለሚለው ጥያቄዎ ደግሞ፣ በተለይ ለእርስዎ፣ በደስታ የምጽፈው መልስ አለኝ። የብሪታንያ ብሔራዊ ሙዚየሞች ቋሚ ስብስባቸውን የሚያሳዩት በነፃ ነው። የታሪክ መምህርት ነዎት፣ ያውም የወሎ። መቅደላ ከደሴ ሩቅ አይደለም፤ በዚያ አምባ ላይ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ የጄኔራል ናፒየር ጦር ያገኘውን ዘርፎ፣ ደላንታ ሜዳ ላይ በሐራጅ ሸጦ፣ ወደ አገሩ አጋዘው። ከዘማቹ ጋር የብሪቲሽ ሙዚየም ሠራተኛ አብሮ መጥቶ ዕቃ ይገዛ እንደነበር ምናልባት ለተማሪዎችዎ ነግረዋቸው ይሆናል። ዛሬ ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ሙዚየም ውስጥ ከመቅደላ የተወሰደ የ18ኛው ክፍለ ዘመን የወርቅ ዘውድና የወርቅ ጽዋ ይገኛል። ሙዚየሙ ሳውዝ ኬንዚንግተን በሚባለው ሰፈር ነው፤ መግቢያው ነፃ ነው፤ ዓርብ ዓርብም በእኛ አቆጣጠር እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ይከፈታል። ዕቃዎች ከክፍል ክፍል ስለሚዘዋወሩ እንደ ገቡ መረጃ ክፍሉ ጋ ቀርበው «የመቅደላው ዘውድ የት ነው?» ብለው ይጠይቁ። እዚያው ጎረቤት ያሉት የተፈጥሮ ታሪክና የሳይንስ ሙዚየሞችም ነፃ ስለሆኑ አንድ ሙሉ ቀን በአንድ ሰፈር ያልቃል።

የብሪቲሽ ቤተ መጻሕፍት ከመቅደላ የተወሰዱ በመቶዎች የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍትን ይዟል፤ ውድ ቅርሶቹን የሚያሳይበት አዳራሽ በነፃ ይጎበኛል፣ የሚታዩት መጻሕፍት ግን በየጊዜው ይቀያየራሉ። እ.ኤ.አ. በ1759 ለሕዝብ የተከፈተው ብሪቲሽ ሙዚየምም እንዲሁ ነፃ ነው። እዚያ ያሉትን 11 ታቦታት አያገኟቸውም፤ በተዘጋ ክፍል ስለሚቀመጡ ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ካህናት በቀር የሙዚየሙ ሠራተኞች እንኳ አያዩአቸውም። በየሙዚየሙ በስልክዎ የሚያነሱት ፎቶ ምንም አያስከፍልም፤ መስከረም ላይ ለተማሪዎችዎ ከመማሪያ መጽሐፉ ጋር የሚያሳዩት ይሆናል። ከዚህ ሁሉ ተርፎ ገንዘብ የሚጠይቅ አንድ ቦታ ቢኖር ዊንዘር ነው። በ7 ዓመቱ ከመቅደላ የተወሰደው ልዑል ዓለማየሁ በ18 ዓመቱ እ.ኤ.አ. በ1879 ሞቶ የተቀበረው በዊንዘር ቤተ መንግሥት ባለው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ መታሰቢያ ሰሌዳውም እዚያው ይገኛል። የቤተ መንግሥቱ መግቢያና የባቡሩ ዋጋ ተደምሮ ከበጀትዎ በላይ ነው። ወንድምዎ የግድ ልጋብዝሽ ካለ ግን ምግብ ቤቱን ትቶ ይህን ይጋብዝዎት። እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ ለጎብኚ ዝግ ስለሆነ ሌላ ቀን ይምረጡ።

ሌላውን ባጭሩ ላልፈው እችላለሁ። ከዌስትሚንስተር ድልድይ እስከ ታወር ብሪጅ ያለው የቴምዝ ዳርቻ በእግር የሚሄዱት ነው፤ ፓርላማውን፣ የቅዱስ ጳውሎስን ጉልላትና ድልድዮቹን ሁሉ ያያሉ። ከተማዋን ከላይ ማየት ከፈለጉ በትልቁ ሽክርክሪትም ሆነ በሌላ የሚከፈልበት ሰገነት ላይ ገንዘብ አያጥፉ፤ ስካይ ጋርደን የሚባለው በሕንፃ አናት ላይ ያለ የአትክልት ስፍራ ቀደም ብለው በኢንተርኔት ቦታ ከያዙ በነፃ ያስገባል። የግሪንዊች ኮረብታም ያው ነው፤ የጦሳን ተራራ ለለመደ እግር ዳገቱ ምንም አይደለም። ታወር ኦፍ ለንደን ውስጡን ለማየት ከ30 ፓውንድ በላይ ይጠይቃል፤ ከውጭ ያዩትና ይለፉት። የሚሄዱት በእኛ ክረምት በመሆኑ እዚያ በጋ ነው፤ ፀሐይ ወደ ምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ስለምትጠልቅ ቀኑ ረጅም ነው። ዝናብ ግን አይጠፋምና ዣንጥላና ሹራብ ከቤትዎ ይያዙ።

ሐላል ምግብ ፍለጋ አይቸገሩም። በምሥራቅ ለንደን ዋይትቻፕል በሚባለው ሰፈር ትልቁ የምሥራቅ ለንደን መስጊድ አለ፤ ዙሪያውን የቤንጋልና የፓኪስታን ሰዎች የከፈቷቸው ሐላል ምግብ ቤቶች ሞልተዋል፣ ዋጋቸውም ከመሃል ከተማው ይረክሳል። ሬጀንትስ ፓርክ ዳር ያለውም ማዕከላዊ መስጊድ ለመሃል ከተማው ቅርብ ነው፤ ጁሙዓን እዚያ ሰግደው ፓርኩ ውስጥ ምሳዎን ሊበሉ ይችላሉ። በሌላው ቀን በሶና ቆሎ በቦርሳዎ ይዘው ይውጡ፤ የቧንቧው ውሃ ይጠጣልና ባዶ ጠርሙስ ይዘው በየሙዚየሙ ይሙሉት። ሱፐርማርኬቶች ወደ ማታ ጊዜያቸው ሊያልፍ የተቃረበ ዳቦ፣ አትክልትና ፍራፍሬ ላይ የቅናሽ ምልክት ይለጥፋሉ፤ ወንድምዎ ሰዓቱን ያውቀዋል። በዚህ አያያዝ 80 ፓውንዱ አንዳንድ ቀን ምሳም ሻይም ውጭ ያበላዎታል፣ አንድ ቀንም ወንድምዎን ዋይትቻፕል ይጋብዙበታል።

በጎብኚ ቪዛ መሥራት ክልክል ነው። እዚያ ያሉ ወገኖች «ሁለት ሦስት ቀን ጽዳት ሠርተሽ ወጪሽን አትችይም?» ብለው ቢመክሩዎት አይስሟቸው፤ ወደፊት የሚጠይቁትን ቪዛ ሊያበላሽ ይችላል፣ ወንድምዎንም ችግር ውስጥ ሊከት ይችላል። የዘወትር መድኃኒት ካለዎት ከነማዘዣው ለ12 ቀን ሳይሆን ለሦስት ሳምንት የሚበቃ ይያዙ፤ ጎብኚ በዚያ አገር ለብዙው ሕክምና ስለሚከፍል ከወንድምዎ ጋር ስለ ጉዞ መድን ቢነጋገሩ ይሻላል። ስልክዎን ደግሞ ቦሌ ላይ የውጭ ዳታውን ዘግተው ይሳፈሩ፤ እዚያ የአገሩን ሲም ወንድምዎ ያስገባልዎታል።

ብዙ ሰው የሚረሳው የአገር ውስጡን ወጪ ነው። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በአውቶቡስ ቀኑን ይወስዳል፤ መንገድ ላይ ከተስተጓጎሉ አውሮፕላኑ አይጠብቅዎትም። ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ቀድመው አዲስ አበባ ይግቡ፣ ማደሪያውንም ከዘመድ ጋር ከአሁኑ ይነጋገሩ፤ ወይም ወንድምዎ ቲኬቱን ሲቆርጥ ከኮምቦልቻ ጀምሮ ቢያደርገው ልዩነቱ ስንት እንደሆነ ያስጠይቁት፤ አንዳንዴ ከአውቶቡሱ፣ ከማደሪያውና ከታክሲው ድምር ብዙ አይበልጥም። ለመመለሻው ከቦሌ እስከ ደሴ የሚያስፈልግዎትን ብር ደግሞ ዛሬውኑ ለይተው፣ ከፓውንዱ ጋር ሳይቀላቅሉ፣ አዲስ አበባ ባለ በሚያምኑት ሰው እጅ ያስቀምጡት።